የውሻ ቁንጫ ከቤት እስኪጠፋ ለምን ሦስት ወር ይፈጃል?

ውሻ ያለው ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ውሻው ሌሊቱን ሲያክክ ያድራል። በነጋታው ይታጠባል፣ መድኃኒት ይደረግለታል። ሁለት ሦስት ቀን ቤቱ ሰላም ይሆናል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ያ የኋላ እግር እንደገና ወለሉን መደብደብ ይጀምራል። "መድኃኒቱ አልሠራም" ይባላል። ሌላ ይገዛል። እሱም እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ቦቢ የምንለው ቡናማ ውሻ ነበረን። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አጠብነው። ቁንጫው ግን አልሸሹም ዞር አሉ ሆነብን። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ ቦቢን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየውና ወደ እኔ ዞረ። "የት ነው የሚተኛው?" አለኝ። "ሶፋው ሥር" አልኩት።

"ሶፋው ሥር ያለውንስ ምን አደረጉት?"

መልስ አልነበረኝም። ስለ ቁንጫ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብን ነገር ያለው ግን እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነው።

መቶ ቁንጫ ቢኖር

አንድ ቤት ውስጥ መቶ ቁንጫ አለ እንበል። ውሻው ላይ ሆነው ደም የሚመጥጡት፣ ዓይናችን የሚያያቸው፣ አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው። ሃምሳው እንቁላል ነው። ሠላሳ አምስቱ እጭ ነው። አሥሩ ደግሞ በድር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቁጥሩ ከቤት ቤት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሐኪሞች ነገሩን ሲያስረዱ የሚጠቀሙበት ግምት ነው። ግን ሥዕሉን በደንብ ያሳያል። ውሻውን አንድ ቀን አጥበን ስንጨርስ የነካነው ከመቶ አምስቱን ነው። የቀረው ምንጣፉ ውስጥ፣ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሶፋው ሥር ሆኖ ተራውን ይጠብቃል።

ውሻ ላይ የምናገኘው ቁንጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "የድመት ቁንጫ" የሚባለው ዝርያ ነው። ስሙ እንዳያሳስታችሁ። ውሻም ላይ ድመትም ላይ ይኖራል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ድመት ካለች፣ አታክክም ብላችሁ አትለፏት። ድመት ራሷን እየላሰች ቁንጫውን ስለምትውጠው ብዙ ጊዜ ምልክቱ አይታይባትም።

እናትየዋ ስንቅም ታወርዳለች

ሴቷ ቁንጫ ውሻው ላይ ወጥታ ደም ከጠጣች በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ሲመቻት በቀን ከ40 እስከ 50 ትጥላለች። እንቁላሉ ነጭና ሞላላ ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህላል። የቅማል እንቁላል ፀጉር ላይ ይጣበቃል። የቁንጫ ግን አይጣበቅም፤ ተንሸራትቶ ይወድቃል። ውሻው በሄደበት ሁሉ ይረግፋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተኛበት። ሐኪሙ "የት ነው የሚተኛው?" ያለኝ ለዚህ ነበር።

እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ እግር የሌለው፣ ነጣ ያለ ትንሽ ትል ነው። ብርሃን ይጠላል። ወደ ታች፣ ወደ ጨለማው ይሄዳል፤ የምንጣፍ ፀጉር ሥር፣ የአልጋ ሥር፣ የጣውላ ስንጥቅ። ይህ ትል አይነክስም። ምግቡ ግን ደም ነው። ከየት አምጥቶ? ትልልቆቹ ቁንጫዎች የጠጡትን ደም ብዙውን ሳይፈጩት መልሰው ያወጡታል። እሱ ይደርቅና እንደ ጥቁር ዱቄት ከውሻው ላይ ይረግፋል። እጩ ይህን ይበላል። እናትየዋ ልጁንም ስንቁንም አንድ ቦታ ላይ ነው የምታወርደው።

እጩ ድክመት አለው፤ ድርቀት አይችልም። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ ይደርቃል። ፀሐይ በቀጥታ ያገኘውም ይሞታል። ግቢ ውስጥ ፀሐይ የሚመታው ሜዳ የቁንጫ ቦታ ያልሆነውም ለዚህ ነው። ጥላ ያለበት፣ ረጠብ ያለ፣ ውሻው ጋደም የሚልበት ጥግ ግን ሌላ ነገር ነው።

እንቅልፍ ላይ ያለው

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። እጩ በልቶ ሲጠግብ ድር ይሠራና ራሱን ይጠቀልላል። ይህ ፑፓ የሚባለው ደረጃ ነው። ድሩ ያጣብቃል። አቧራ፣ ክር፣ የወለል ደቃቅ ቆሻሻ ይለብሳል። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ብታዩት እንኳ ከጉድፍ አትለዩትም። ምንጣፉን ስለሚይዝ በመጥረጊያ በቀላሉ አይነሳም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ቤት ውስጥ የምንረጨው መድኃኒት ሽፋኑን አልፎ በደንብ አይደርስበትም።

እዚያ ውስጥ ቁንጫው አድጎ ያልቃል። አድጎ ካለቀ በኋላ ግን የግድ አይወጣም። ይጠብቃል። ሁኔታው ከተመቸ በአንድ በሁለት ሳምንት ይወጣል። ካልተመቸ ወራት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚጠብቀው ምልክት ነው። ሙቀት ሲሰማው፣ ወለሉ ሲረገጥና ሲነቃነቅ፣ የሚተነፍስ ፍጡር የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲደርሰው "መጣልኝ" ብሎ ይወጣል።

ለሁለት ወር ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት የሚሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም። ሰው የለም፣ ውሻ የለም፤ ቁንጫም ያለ አይመስልም። በሩን ከፍታችሁ ሻንጣችሁን ወለሉ ላይ ታስቀምጣላችሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነጩ ካልሲያችሁ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ነጠብጣቡ ይንቀሳቀሳል። ይዘላል። "ቤቱ ባዶ ነበር እኮ!" ትላላችሁ። ባዶ አልነበረም። ስትረግጡት ነው የነቃው።

መድኃኒት ከተደረገ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ቁንጫ እንደገና የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የምታዩት ከመድኃኒቱ የተረፈ ቁንጫ ላይሆን ይችላል። ዛሬ ጠዋት ከድሩ የወጣ አዲስ ቁንጫ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ልክ ሥራው መያዝ በጀመረበት ሰዓት ነው። በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፤ ገንዘቡም ወጥቷል፣ ድካሙም ተደክሟል፣ የቀረው መታገሥ ብቻ ነበር።

ከድሩ የወጣው ቁንጫ ቶሎ ደም ማግኘት አለበት። ክንፍ የለውም። ያለው ዝላዩ ነው። ይህ ዝላይ ሳይንቲስቶችን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ኃይሉ ከጡንቻ ብቻ እንደማይመጣ፣ ደረቱ ውስጥ ባለ ሬዚሊን በሚባል እንደ ላስቲክ በሚለጠጥ ነገር ተጠራቅሞ በአንዴ እንደሚለቀቅ የሚያስረዳ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1967 ወጣ። መሬቱን የሚገፋው በየትኛው የእግሩ ክፍል ነው የሚለው ግን እስከ 2011 ቆየ። ያኔ በፈጣን ካሜራ ተቀርጾ በእግሩ ጫፍ እንደሚገፋ ታየ። ለእኛ የሚጠቅመን ቁጥር ይህ ነው፤ ወደ ላይ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይዘላል። ሰውን በብዛት ቁርጭምጭሚቱና ባቱ ላይ የሚነክሰው ከዚያ በላይ ብዙ ስለማይደርስ ነው። ንክሻው ክንዳችሁና አንገታችሁ ላይ፣ ሌሊት ብቻ ከሆነ ቁንጫ ከማለታችሁ በፊት ትኋን መኖሩን አረጋግጡ።

በእርግጥ ቁንጫ ነው?

ውሻ የሚያክከው በብዙ ምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማረጋገጥ። የሚያስፈልጋችሁ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ሚዶ፣ ነጭ ሶፍት እና የሳሙና ውሃ ያለበት ሳህን ነው።

ውሻውን ብርሃን ያለበት ቦታ አስተኙት። ከጭራው ሥር፣ ወገቡ ላይ ጀምሩ፤ ቁንጫ እዚያ ይበዛል። ሚዶውን ቆዳው ድረስ አስገብታችሁ በቀስታ ወደ ጭራው ሳቡት። ከዚያ ሚዶው ላይ የቀረውን እርጥብ ሶፍት ላይ አራግፉ። ጥቁር ደቃቅ ነገር ይወርዳል። ተራ አፈር ከሆነ እንደ ጥቁር ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ትንሽ ቆይቶ ዙሪያውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም መልቀቅ ይጀምራል። ደም ነው። የውሻችሁ ደም። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሶፍቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አሥር አሥራ አምስት ነጥብ ነበር፤ እያንዳንዱ ዙሪያው ቀልቶ።

ሚዶው ላይ ሕያው ቁንጫ ከተገኘ በጣት ለመፍጨት አትታገሉ። ሰውነቱ ከጎንና ከጎን ጠፍጣፋ፣ ጠንካራና አሙለጭላጭ ነው፤ ያመልጣችኋል። ሳሙናው ውሃ ውስጥ ክተቱት። በንጹህ ውሃ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ሳሙና ሲኖር ግን ይሰምጣል።

ውሻውን ወጥመድ ማድረግ

ማጠብ ጥሩ ነው። በዚያ ሰዓት ላዩ ላይ ያለውን ብዙውን ቁንጫ ያወርዳል። ስትጀምሩ አንገቱ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ቀለበት ሥሩለት፤ ውሃው ሲነካቸው ወደ ፊቱና ወደ ጆሮው ይሮጣሉና መንገዱን ይዘጋል። ግን ሳሙና ነገ የለም። ውሻው ደርቆ ምንጣፉ ላይ ሲተኛ አዲሶቹ ይወጡበታል።

የሚያስፈልገው ለሳምንታት ሰውነቱ ላይ የሚቆይ መድኃኒት ነው። ትከሻው መሐል ቆዳው ላይ የሚንጠባጠብ አለ፤ ፊፕሮኒል፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ወይም ሰላሜክቲን ያለበት። የሚዋጥም አለ፤ አፎክሶላነር በወር አንዴ ይሰጣል፣ ፍሉራላነር እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። ኒተንፒራም ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መግደል ይጀምራል፣ ግን በአንድ በሁለት ቀን ኃይሉ ያልቃል፤ ለጊዜው እፎይ ለማለት እንጂ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የትኛው ለእናንተ ውሻ ይሆናል የሚለውን ከሐኪም ጋር ወስኑ። ዕድሜው፣ ክብደቱ፣ ያለበት ሕመም ሁሉ ይቆጠራል። ለምሳሌ አፎክሶላነርና ፍሉራላነር ያሉበት ኢሶክሳዞሊን የሚባለው ቤተሰብ አንዳንድ ውሾች ላይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ውሻችሁ የሚጥል በሽታ ካለበት ይህን ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳትወጡ።

አሁን ሁሉም የሚስተውን ነገር ልንገራችሁ። መድኃኒት የተሰጠውን ውሻ ከቤት አታውጡት። ብዙ ሰው "ቤቱ እስኪጸዳ ውጭ ይሁን" ይላል። እኔም ያንኑ አድርጌ ነበር። ስህተት ነው። ሴቷ ቁንጫ እንቁላል ለመጣል አንድ ቀን ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ያስፈልጋታል ብለናል። ጥሩ መድኃኒት ከዚያ በፊት ይገድላታል። ስለዚህ መድኃኒት ያለበት ውሻ ቤት ውስጥ ሲመላለስ፣ እንደ ልማዱ ሲተኛ፣ ከድር የሚወጡትን ቁንጫዎች አንድ በአንድ ወደ ራሱ ይስባል። ይወጡበታል፣ ይነክሱታል፣ እንቁላል ሳይጥሉ ይሞታሉ። ውሻው የሚንቀሳቀስ ወጥመድ ይሆናል ማለት ነው። እሱን ውጭ ስታስሩት ቤት ውስጥ የነቃው ቁንጫ የሚያገኘው ሌላ የሚነከስ ማን ነው? እናንተና ልጆቻችሁ።

ይህ ወጥመድ የሚሠራው ግን ክፍተት ከሌለው ነው። የወሩ መድኃኒት በ30ኛው ቀን መሰጠት ካለበት በ30ኛው ቀን ይሰጥ። "አሁን ተሽሎታል" ብሎ አሥር ቀን መዝለል፣ ለሁለት ሦስት ሴት ቁንጫዎች አሥር ቀን መስጠት ነው። በቀን 40 እንቁላል አስሉት። ሁሉም ውሾችና ድመቶች ደግሞ በአንድ ቀን ይታከሙ። አንዱ ከቀረ ማደሪያ ሆነላቸው።

የሚንጠባጠበውን የምትጠቀሙ ከሆነ ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ ቆዳው ላይ አድርጉት፤ ፀጉሩ ላይ የፈሰሰው ባክኗል። ከዚያ በፊትና በኋላ ለሁለት ቀን ያህል አለማጠብ ይሻላል፤ በትክክል ስንት ቀን እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ።

ድመት ላይ የማይነካው

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል። ጥቂቱ እንኳ ያንቀጠቅጣታል። የድመት ሰውነት እንደ ውሻ አፈራርሶ ሊያስወጣው አይችልም። "ትንሽ ስለሆነች ግማሹን ላድርግላት" ብሎ የውሻን መድኃኒት ለድመት ማካፈል ብዙ ድመት ገድሏል። ውሻው ላይ ሲደረግም እስኪደርቅ ድረስ ድመቷ አጠገቡ እንዳትተኛ፣ እንዳትልሰው። ፊፕሮኒል ደግሞ ለጥንቸል መርዝ ነው።

ለከብት ወይም ለእርሻ የተሠራ ፀረ-ተባይ በልክ በልክ እያሉ በጥብጦ ውሻ ላይ ማፍሰስ፣ ላምባ መቀባት፣ እነዚህን አታድርጉ። ቆዳውን ያቃጥላል፤ ሲልሰው ይመረዛል። ነጭ ሽንኩርት ማብላትም ቁንጫ አያጠፋም፤ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ግን ያፈርሳል። የሻይ ዛፍ ዘይት ተፈጥሯዊ ስለተባለ ብቻ ደህና አይደለም፤ ሳይበረዝ የተቀባ ውሻ መራመድ እስኪያቅተው ይታመማል። ቁንጫውን አጠፋለሁ ብሎ ውሻውን ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ነው።

ከ8 ሳምንት በታች ላለ ቡችላ አብዛኛው መድኃኒት አይሆንም። ለእሱ ሚዶ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ቶሎ ማድረቅ። ድዱንም እያያችሁ። ቁንጫ የበዛበት ቡችላ ደሙ እስኪያልቅ ሊመጠጥ ይችላል። ድዱ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ከሆነና ከደከመ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ይሂድ።

ቤቱ

ቤት ላይ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ግን ከባድ አይደለም። ውሻው የሚተኛበትን ጨርቅ፣ ልብሱን፣ አብሯችሁ የሚተኛ ከሆነ አንሶላችሁንም በሳምንት አንዴ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ እጠቡ። ስታነሱት አታራግፉት። ጠቅልላችሁ ወደ ማጠቢያው ውሰዱት፤ አለዚያ እንቁላሉን በየክፍሉ እየዘራችሁ ነው የምትሄዱት። ውሻው አንድ ቋሚ መኝታ ቢኖረው ሥራችሁ በግማሽ ይቀላል።

ወለሉና ምንጣፉ በቫኪዩም ይጸዳ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ ወይም ቢያንስ በየሁለት ቀኑ። ቫኪዩም እንቁላሉንና ለእጩ ምግብ የሚሆነውን ደቃቅ ነገር ያነሳል። ድር ውስጥ ያለውን ሁሉ አያነሳም። ግን ንዝረቱ ያነቃዋል፤ እሱም ሲነቃ ወደ ወጥመዱ፣ ወደ ታከመው ውሻ ይሄዳል። ለዚህም ነው ቤት ከተጸዳ በኋላ ቁንጫው የበዛ የሚመስለው። ጥሩ ምልክት ነው፤ አትደንግጡ። የቫኪዩሙን ከረጢት ወዲያው በፌስታል አስራችሁ ከቤት አውጡት። ቫኪዩም ከሌለ ምንጣፉን አውጥቶ ፀሐይ ላይ በደንብ መምታት፣ ወለሉን ጠርጎ ስንጥቆቹን ጭምር በሙቅ የሳሙና ውሃ ማጠብ ብዙ ያግዛል።

እጃችሁ የት መድረስ እንዳለበት ላሳያችሁ። እኛ ቤት የተገኘው ሶፋው መሐል አልነበረም። የሶፋው ትራስ ሲነሳ ከኋላ በኩል ያለችው ጠባብ እጥፋት ውስጥ ነበር። ጣቴን ሳስገባ ፀጉር፣ አቧራና ያ ጥቁር ዱቄት ወጣ። ነጫጭ ነጥቦችም ነበሩበት። ቦቢ ቀን ቀን እዚያ እንደሚተኛ እንኳ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ከባድ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት መጨመር ይቻላል። ስትመርጡ ሁለት ነገር ያለበትን ፈልጉ፤ ትልቁን የሚገድል፣ እንዲሁም ሜቶፕሪን ወይም ፓይሪፕሮክሲፈን የሚባል እድገት የሚያግድ። ይህ ሁለተኛው እንቁላሉና እጩ ወደ ትልቅ ቁንጫ እንዳይደርሱ ያደርጋል፤ ለወራትም ይሠራል። የሚረጨው ወለሉ መሐል ሳይሆን ሶፋ ሥር፣ አልጋ ሥር፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። ሰውም ውሻም እስኪደርቅና አየር እስኪገባ ይውጡ። የዓሣ ገንዳ ካላችሁ ሸፍኑት፣ የአየር መንፊያውንም አጥፉት፤ እነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ዓሣ ይገድላሉ። ክፍል መሐል ተቀምጦ ጭስ የሚረጨውን ጣሳ እኔ አልመክርም። ከላይ ወርዶ ክፍት ወለል ላይ ያርፋል። ሶፋ ሥር አይገባም።

ዝም ብሎ ማሳከክ ብቻ አይደለም

አንዳንድ ውሻ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቂት ንክሻ ይበቃል። ወገቡ፣ የጭራው ሥርና ጭኑ ፀጉር እስኪያጣና እስኪቆስል ያክካል፣ ይነክሳል። "አንድም ቁንጫ አላየሁበትም" የሚል ባለቤት አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ አክኮ ልሶ ውጦታል።

መዋጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የቁንጫው እጭ ወለል ላይ የአንድ ኮሶ ትል እንቁላል ይበላል። አድጎ ቁንጫ ሲሆን ትሉን በሆዱ ይዞ ነው። ውሻው ቁንጫውን ሲውጥ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። በፊንጢጣው ዙሪያ ወይም ሰገራው ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ፕራዚኳንቴል ያጠፋዋል። ቁንጫው ካልጠፋ ግን ተመልሶ ይይዘዋል። ወለል ላይ የሚድህ ሕፃንም ቁንጫ በስህተት ከዋጠ ይህ ትል ሊይዘው ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ግን ሕፃን ያለበት ቤት ጉዳዩን "የውሻ ነገር" ብሎ ባይተወው እላለሁ። ቁንጫ በንክሻውና በኩሱ ታይፈስን የመሰለ በሽታም ወደ ሰው ያስተላልፋል። በቁንጫ ከተነከሳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ሽፍታ ከመጣ ለሐኪም ስትናገሩ ስለ ንክሻው ጨምራችሁ ንገሩት።

ሦስቱ ወር

አሁን ሦስት ወር የሚለው ከየት እንደመጣ ግልጽ ይመስለኛል። ዛሬ ሁሉንም እንስሳት አከማችሁ። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ እንቁላል አይጣልም። ትናንት የተጣለው ግን አለ። እሱ ተፈልፍሎ፣ በልቶ፣ ተጠቅልሎ እስኪወጣ ሞቅ ባለና ረጠብ ባለ ቤት ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃል። የሚያንቀላፋው ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ላይ ቁንጫ ታያላችሁ። በሁለተኛው ይቀንሳል። በሦስተኛው አንድ ሁለት ብቅ ይላል። ቤቱ ሞቃት ከሆነ ከዚያም በኋላ መድኃኒቱን ዓመቱን ሙሉ መቀጠል ተገቢ ነው፤ ከውጭ ይዞ መግባቱ አይቀርምና።

በየሳምንቱ አንድ ቀን ለይታችሁ በሚዶው አበጥሩት። የተገኘውን ቁጠሩ፣ ጻፉት። እኛ ወረቀት ላይ እየጻፍን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈን ነበር፤ 23፣ 17፣ 19፣ 8፣ 5፣ 1። በሦስተኛው ሳምንት ከ17 ወደ 19 ሲወጣ ቤተሰቡ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ወረቀቱ ባይኖር መድኃኒቱን ጥለነው ነበር።

ቁጥሩ በሦስተኛው ወር ካልወረደ የሆነ ቦታ ተረስቷል ማለት ነው። ያልታከመ ድመት፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ የጎረቤት ውሻ፣ ክብደቱን ሳይመዝኑ በግምት የተሰጠ መድኃኒት። የእኛ ከ1 ወደ 6 የተመለሰው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። ቤቱን ሁለት ጊዜ ፈተሽነው፣ ምንም የለም። ያለው መኪናው ውስጥ ነበር፤ ቦቢ ሐኪም ጋ በሄደ ቁጥር የሚተኛበት የኋላ ወንበር ላይ፣ ከቀበቶው ማስገቢያ ሥር።